አስተርጓሚ ያልመጣበት ቀጠሮ

ከክፍል ጠርተው ሲወስዱኝ ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። በመምህራን ስብሰባ ላይ የታሰሩ ባልደረቦቼ ይፈቱ ብዬ ነበር፤ ጥፋቴ ይኸው ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ ባለ አንድ ፖሊስ ጣቢያ የሴቶች ክፍል አስገቡኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ሙቀቱ ያፍናል። ከበሩ ሥር ትንሽ ነፋስ ይገባል። እዚያ የተቀመጡ አንዲት እናት ፈቀቅ ብለው ቦታውን ለቀቁልኝ።

ከካምባ ወረዳ ነው የመጡት፤ ገበያ ላይ ቅቤ ይሸጡ ነበር። የሚፈለገው ልጃቸው ቢታጣ እሳቸውን ያዙ። አማርኛቸው ለገበያ ያህል ነው። ፍርድ ቤት በቀረቡ ቁጥር አስተርጓሚ የለም ተብለው ይመለሳሉ።

«አስተምረኝ» አሉኝ አንድ ቀን። ሲናገሩ ወንድና ሴት ይቀላቅላሉ። «ለዳኛ እኔ ራሴ ይናገራል።»

ጀመርን። ቃሉ ሲጠፋባቸው ግንባራቸውን በመዳፋቸው ይመታሉ።

«ይሄ አርጅቷል። አይገባም።»

«ገና ነው እንጂ፣ እማማ። ቀስ እያለ ይገባል።»

አምኜበት አልነበረም ያልኩት። ዝም ብሎ ከመቀመጥ ይሻላል ብዬ ነው። እሳቸው ግን አመኑኝ። ውሃ ሲቀዱም፣ ጸጉሬን ሲሠሩልኝም የተማሩትን ይደጋግማሉ።

የሁለታችን ቀጠሮ በአንድ ቀን ዋለ። አስተርጓሚው አልመጣም። ዳኛው መዝገቡን ሊያጥፉ ሲሉ እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ክቡር ዳኛ፣ እኔ ይናገራል። ልጄ የት ሄደች አላውቅም። እኔ ምንም አላጠፋሁም። ቤቴ ልሂድ።»

ከኋላ አንድ ፖሊስ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም፤ ቀና ብለው ሰሟቸው። ከዚያ «ምርመራው ስላልተጠናቀቀ» ብለው ሌላ ቀጠሮ ሰጡ።

ወደ ጣቢያው የሚመልሰን መኪና ውስጥ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ለፍተው ወደዚያው ክፍል እየተመለሱ ነው። እጄን ያዙኝ።

«‹ስላልተጠናቀቀ› ምንድነው?»

«አላለቀም ማለት ነው።»

ቃሉን ደጋግመው አሉት። «ለእሱ እኔ ምን ብሎ ይመልሳል? አስተምረኝ።»

«ነገ» አልኳቸው። በማግስቱ ጠዋት እኔን ፈቱኝ።

ዛሬም አስተምራለሁ። አይገባኝም የሚል ተማሪ ሲገጥመኝ እንደ ድሮው ቶሎ አልሰለችም። ከካምባ የመጣ ልጅ ባገኘሁ ቁጥር ስለ እማማ እጠይቃለሁ፤ የሚያውቃቸው እስካሁን አልገጠመኝም። ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ለዚያ ለዳኛው «ስላልተጠናቀቀ» ምን መልስ አስተምራቸው እንደነበር አስባለሁ። መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።