የጥቁር ጨርቁ ለቅሶ

በደርግ ጊዜ ከሞጣ ጨርቅ እያመጣሁ ብቸና እሸጥ ነበር። ጨርቅ ነጋዴ የሰው ቤት ምስጢር ሳይጠይቅ ያውቃል። ነጭ ሲገዙ ሠርግ ወይም ክርስትና ነው፤ ጥቁር ሲገዙ አፍን ዘግቶ መለካት ነው።

አንድ ዓርብ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የኬሚስትሪ መምህርት ሱቄ መጥታ ጥቁር ጨርቅ ጠየቀችኝ። ወፍራሙን መረጠች። ወደ ፀሐይ እያነሣች ቀዳዳ ስትፈልግበት፣ ሐዘን ሰውን እንዲህ ያደርገዋል ብዬ አሰብኩ። ጣቃውን ልትጨርሰው ምንም አልቀራት። ቤተሰቦቿ ሞጣ ናቸው፤ አባቷ መታመማቸውንም ሰምቻለሁ። ማን ሞተብሽ ብሎ መጠየቅ ነውር ስለሆነ ክንዴን ዘርጋ አድርጌ ለካሁላትና፣ እንደወጣች ለእድሩ ዳኛ ነገርኩ።

በማግስቱ ሽንኩርቷን ይዛ ከገበያ ስትመለስ ግቢዋ በሰው ተሞልቶ ጠበቃት። የእድሩ አግዳሚ ተደርድሯል፣ ሴቶቹ ንፍሮ አምጥተዋል፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር እንኳ ከፊት ተቀምጧል። ሽንኩርቱ ከእጇ ወደቀ።

«አባቴ ናቸው?» አለች።

ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ጥቁሩን ጨርቅ ለማን ነው የገዛሽው?»

«ለፎቶ ክፍሉ በር ነው፣ አባባ።»

ከኋላ አንዱ «ነጋዴው ገበያ ሲቀዘቅዝበት ሰው መግደል ጀመረ» አለ።

ሌላ ሴት ብትሆን ንፍሮውን ፊቴ ላይ ትደፋው ነበር። እሷ ግን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «ከመጣችሁ አይቀር ስሙኝ። ሰው ሳይሞት መምጣታችሁ ይሻላል።» ገበያ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ በደነገጠችበት ቅጽበት የምትፈልገው ሰው ሁሉ ፊቷ መሰብሰቡን ማየቷ ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፎቶ ክበቡ ተማሪዎች ለአብዮት በዓል የሚሰቀለውን ፎቶ ራሳቸው ያጥባሉ። ማጠቢያው የድሮ የጠመኔ ማከማቻ ነው፤ ብርሃን እንዳይገባ መስኮቱ በጭቃ ተመርጓል፣ በሩ ከውስጥ ይቀረቀራል፣ የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ሽታ መውጫ የለውም። በዚያ ሳምንት አንዲት ተማሪ ራሷን ስታ ወደቀች።

«ብቻዋን ብትሆን ኖሮ በሩን ማን ይከፍት ነበር?» አለች መምህርቷ። መስኮቱ ይከፈት ብትል ዳይሬክተሩ እምቢ ብሏት፣ በእጇ ያለውን ልትሠራ ነው ጨርቅ የገዛችው። ሁለት መጋረጃ፣ አንዱን አልፈው ሲጥሉት ሌላውን የሚገልጡት። ያኔ ብርሃን ስለማይገባ በሩን መቀርቀር አያስፈልግም።

ንፍሮ የምታድለው ሴት ሰፌዱን አስቀመጠች። የልጅቱ እናት ናት። «እኔንስ ጾሙ አድክሞኝ ነው ብላኛለች» አለች ቀስ ብላ።

ዳይሬክተሩ ሊሄድ ቢፈልግም ዳኛው ሳይነሡ መነሣት አልቻለም። «በጀት አልተፈቀደም። ብርሃን ገብቶ የበዓሉ ፎቶ ቢበላሽ ደግሞ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ጓድ ዳይሬክተር» አሉ ዳኛው፣ «የእድሩ ዶማ የተገዛው ለመቃብር ነው። ዛሬ ለመስኮት እናውስዎት ወይስ ለልጆቹ እናቆየው?»

ዳይሬክተሩ መሬት መሬቱን አየ። «ብርሃኑስ?»

«እሱን ለኔ ይተዉት» አለች መምህርቷ።

ከሰዓት በኋላ ጭቃው ፈረሰ። ባዶ በቀረው መስኮት ላይ ቆርቆሮ አስመትታ፣ እንደ ክርን የታጠፈ ቧንቧ አስገባችበት፤ አየር ይታጠፋል፣ ብርሃን አይታጠፍም። ከበሩ ግርጌም ሌላ አስገባች። መድኃኒቱን ከአረቄ ጠርሙስ አስገልብጣ ስም በተጻፈበት ዕቃ ስታስቀምጥ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አረቄ መስሎኝ ነበር» ብለው ራቅ አሉ። መጋረጃውን ያሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ሰኞ ክበቡ ሥራ ሊጀምር ሲል እናትየው ደረሰች። «መጀመሪያ እኔ ልግባ።»

ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ቀዩ አምፖል በራ፣ ከመምህርቷ ጋር ገቡ። ዳይሬክተሩና እኔ ውጭ ቆመን ጠበቅን። ፎቶው ታጥቦ ሲያልቅ እናትየው ሁለቱን መጋረጃ ገልጣ ወጣች።

«አሁንም ይሸታል» አለች።

የዳይሬክተሩ ፊት ተለወጠ።

«ግን ያስተነፍሳል። ትግባ።»

ልጅቷ ገባች። እናትየው ድንጋይ ፈልጋ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።