ሳልጠጣው የቀዘቀዘው ሻይ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ ሻይ ቤቴን እንደከፈትኩ አንድ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ገብቶ ተቀመጠ። ሻይ ቤቴ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ድልድይ አጠገብ ነው። አላፊ አግዳሚው ብዙ ስለሆነ ፊቱን ልብ ብዬ አላየሁትም። ቅርንፉድ ያለበት ሻይ ቀድቼ አቀረብኩለት። እሱ ግን አልጠጣውም። ብርጭቆውን በሁለት እጁ አንስቶ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ መልሶ ወደ እኔ ዘረጋው። ያኔ አወቅኩት። ታምራት ነው።

አዲሱ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ከከተማው ወጣ ብሎ በነበረ የቻይናዎች ካምፕ ወጥ ቤት እሠራ ነበር። ገና አላገባሁም። ያኔም ዕድሜው ገፋ ያለው ታምራት የካምፑ ስቶር ኪፐር ነበር፤ ቋንቋቸውን ስለሚያውቅም ያስተረጉም ነበር።

ዋናውን ወጥ ሠሪ ሽፉ እንለዋለን። እነሱ ሙያ ያለውን ትልቅ ሰው በስሙ አይጠሩትም፤ ሽፉ ማለት ባለሙያው፣ አስተማሪው እንደ ማለት ነው። ድሬ ትልቁንም ትንሹንም አንተ የሚል አገር ስለሆነ መጀመሪያ ስቀን ነበር፤ ኋላ ለመድነው። ሽፉ ብዙ አስተምሮኛል፣ እግዚአብሔር ይስጠው። መብያ እንጨታቸውን ሩዝ ላይ አቁሞ መትከል ለሙት የሚደረግ ነው። ነጭ የሐዘናቸው ልብስ ነው፤ እኔ ለአዲስ ዓመታቸው ነጠላዬን አጣፍቼ ብሄድ ቀይ ጨርቅ ፈልጎ አንገቴ ላይ አሰረልኝ። በበዓሉ የመጀመሪያ ቀን ቤት አይጠረግም፤ በረከቱ ተጠርጎ ይወጣል ይላሉ። ይህን ሳላውቅ መጥረጊያ ባነሳ ከእጄ ነጥቆ ጣሪያ ላይ ወረወረው።

የሆነው በሁለተኛው ዓመት ነው። ጥር ሊያልቅ ሲል፣ የድሬ ሙቀት ጋብ ሲል፣ ሽፉ ለበዓሉ የአሳማ ሥጋ በጨውና በቅመም አሽቶ ጥላ ሥር ሰቀለ። እኔ አሳማ አልነካም፤ እሱም ያውቃል። ገመድ ሲያልቅበት ግን ካረጀ ነጠላዬ ላይ አረንጓዴውን ጥለት ቀድጄ ሰጠሁትና በእሱ አሰረው።

በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ከሥጋው ግማሹ የለም። ታምራት ለካምፑ አለቃ ምን እንዳለው አላውቅም። በር ላይ አስቆሙኝ። ታምራት ነጠላዬን ከላዬ ገፈፈ፣ ምሳ ዕቃዬን መሬት ላይ ገለበጠ። የቀን ሠራተኛው ሁሉ ያያል።

አብራኝ የምትሠራው ፋጡማ ሳቀችበት። "አቦ፣ ሌላ ነገር ሰረቀች በል። ድሬ ላይ አሳማ ማን ይገዛታል?"

"አንቺ ዝም በይ፣ ሽንኩርትሽን ላጪ" አላት።

ይህን ለአለቃው ማን ይንገረው? ተርጓሚው እሱ ራሱ ነው። በዓሉ እንዳለፈ ትባረራለች ተባለ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ምድር ባቡር ሠርቶ አንድ ብሎን ወደ ቤት ያላመጣ ሰው ነው። በሰፈሩ ሌባ ወለደ ሊባል ነው። የዚያን ቀን እግዚአብሔርን ፍረድልኝ አልኩት። ሌላ ጸሎት አልጸለይኩም።

አልዘገየም። ማምሻውን በጀልዴሳ በኩል ካለው ሌላው የቻይናዎች ካምፕ አንድ እንግዳ መጣ። ለበዓል ባዶ እጅ አይኬድም፤ በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ በሁለት እጁ ለአለቃው ሰጠ። ሽፉ ሲፈታው የአሳማ ሥጋ ነው። አረንጓዴ ጥለቴ ላዩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሽፉ ከየት አገኘኸው ብሎ ሲጠይቀው፣ እንግዳው ምንም ሳይጠረጥር እየሳቀ መጠጥ ወደሚቀዳው ታምራት አመለከተ።

ጩኸት ጠብቄ ነበር። ሽፉ ሥጋውን ወደ ጎን አደረገው። እንግዳ ፊት ሰው ማዋረድ በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። የበዓሉ ዓሣ ቀረበ፤ ለመጪው ዓመት ይትረፍ ብለው እንደ ልማዳቸው ግማሹን ተዉት። እኔ በንዴት ሳህኑን እያጋጨሁ አነሳሁ።

በማግስቱ እንግዳው ሲሄድ ሽፉ ወጥ ቤቱን በሙሉ ሰበሰበ። ታምራትን ሻይ አስቀዳው። ታምራት በአንድ እጁ ሊሰጠኝ ሲል ሽፉ ክንዱን መታው፤ በሁለት እጁ አደረገው። የበደለ ሰው ለተበደለው በሰው ፊት ሻይ ይሰጣል፤ ይህ ልማዳቸው ነው።

"አስካ" አለኝ ሽፉ፤ አስካለ ማለት አይችልም። "ጠጣ፣ አለቀ። ጠጣ የለም፣ አላለቀም።"

እጄን ከነጠላዬ ሥር አላወጣሁም። ቅጠሉ ሲኒው ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ፤ እንፋሎቱም ጠፋ።

"አቦ ጠጪለትና ይሂድ" አለችኝ ፋጡማ በሹክሹክታ። "እጁ ደከመ እኮ።"

"ይድከም" አልኳት።

ሽፉ ሲኒውን ተቀብሎ ሻዩን ደፋው። ታምራት በዚያው ቀን ከሥራ ወጣ። እኔ ሐዲዱ እስኪያልቅ ሠራሁ፤ ይህን ሻይ ቤት የከፈትኩት በዚያ ደሞዝ ነው። ተመስገን።

እሑድ ዕለት ያው ሰው ያንኑ አደረገ።

"አስካለ፣ አርጅቻለሁ" አለኝ። "አሁንስ ጠጪልኝ።"

"ያዘዝከው አንተ ነህ፤ ጠጣው" አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ ተመልሶ እንደሚመጣ ነግሮኛል። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አባታችን ሆይ ስደግምም በደል የሚለው ጋ ስደርስ ምላሴ ይከብደኛል፤ ከዚያ እንደምንም አልፈዋለሁ።

ይምጣ። ሻይ አፈላለታለሁ፤ ሥራዬ ነው። መጠጣቱ ግን የእሱ ነው።