ቃጭል ያጠለቁ ልጆች

ንጋት፣ አዲስ አበባ

ይህን ጉዞ የተጓዝሁት በደርግ ዘመን፣ በኅዳር ወር ነው። እስከ ዛሬ ለማንም አላወጋሁትም።

ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ደረስሁ። የቀበሌው የይለፍ ወረቀት በደረት ኪሴ አለ፤ በየጥቂቱ እዳብሰዋለሁ። ከእስር ከተፈታሁ ወዲህ ከከተማ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። የምሄደው አሰላ፣ ታናሽ እህቴ አየለች ዘንድ ነው። በታሰርሁበት ዘመን አልተጻጻፍንም፤ መምጣቴንም አላስታወቅኋትም። በሯን ትከፍትልኝ እንደሆነ አላውቅም።

ከጎኔ የተቀመጡት በርበሬ ነጋዴ ሴት መኪናው ሳይነሳ ወሬ ጀመሩ።

«አሰላ ነው የሚወርዱት? ልጅ ይዘው ባለመሄድዎ እግዜር ይወድዎታል። እዚያ ልጅ እያለቀ ነው አሉ። ከደጅ እያነሱ ነው የሚወስዷቸው።»

«ማን ነው የሚወስዳቸው?»

«እሱ ቢታወቅማ ምን ችግር ነበር።»

ረፋድ፣ ኢተያ

ከናዝሬት ወዲያ መንገዱ አዋሽን ይሻገርና ዳገቱን ይያያዘዋል። ሙቀቱ ከኋላ ይቀራል፤ የጭላሎ ተራራ ግማሽ አካሉን ደመና ውስጥ ቀብሮ ብቅ ይላል። ኢተያ ስንደርስ ግራ ቀኙ ስንዴ ነው፤ ልጅ ቢገባበት አናቱ የማይታይ፣ ለአጨዳ የደረሰ ስንዴ። ሾፌሩ ለቁርስ አቆመ። ሻይ፣ የስሙኒ ዳቦ፣ በቅቤ የራሰ ጭኮ ቀረበ። ስለ ልጆቹ ብጠይቀው ዳቦውን እያላመጠ ሳቀ።

«ጋሼ፣ አዲስ አበባ ላይ እያለቁ ነው። ናዝሬት ላይ አምስት ናቸው። እዚህ አንዲት ናት። አሰላ ሲደርሱ እሷንም ቤቷ ቁጭ ብላ ያገኟታል።»

ሻይ የምትቀዳው ሴት ግን አልሳቀችም። «አንተ ልጅ የለህማ» አለችው።

ከቀትር በኋላ፣ አሰላ

ወሬው እያነሰ ሲመጣ ፍርሃቱም አብሮ የሚያንስ መስሎኝ ነበር። ከመናኸሪያው ወደ እህቴ ሰፈር ሽቅብ ስሄድ ከየአጥሩ ውስጥ ቃጭል ይሰማኛል። ከብት ነው ብዬ አለፍሁ። መንገዱ ላይ አንድም ልጅ የለም። ኋላ በአንድ አጥር ሽንቁር ስመለከት ቃጭሉ የተንጠለጠለው በልጆች አንገት ላይ ነው።

ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ከመምጣቴ በፊት በነበረው ወር አንዲት ልጅ ድብብቆሽ ስትጫወት ስንዴ ውስጥ ገብታ እንቅልፍ ይወስዳታል። ሰፈሩ ሁሉ ሲፈልጋት ዋለ፤ አንዳች ጭረት ሳይነካት፣ ከነጫማዋ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ ያለ ቃጭል ከቤት የሚወጣ ልጅ የለም፤ ከአጥር የሚያልፍም የለም። እናቶች ከየጓዳው ያዳምጣሉ። የአንዱ ቃጭል ዝም ካለ ጎረቤት ሁሉ ይወጣል።

እኔ ግን ይህን ሳላውቅ ነው እህቴ በር ላይ የደረስሁት። በሩ ሥር አንዲት ልጅ ገመድ ትዘላለች። ሽማግሌ ልጅ ሲያገኝ የሚጠይቀውን ጠየቅኋት።

«የማን ልጅ ነሽ?»

ልጅቱ ቀጥ አለች። ቃጭሉም ዝም አለ።

በሮች ሲከፈቱ ሰማሁ። አንዱ ዱላ፣ አንዷ ዘነዘና ይዘዋል። መውጫ የለኝም፤ ጀርባዬ አጥሩን ተደግፏል።

«ኤሳ ዱፍቴ?» አለኝ ዱላ የያዘው ጎልማሳ፤ ቀጥሎም በአማርኛ፣ «ከየት መጣህ? ልጅቷን ምን ብለህ ጠየቅሃት?»

«የማን ልጅ እንደሆነች።»

«የማን ልጅ እንደሆነች ምን ያደርግልሃል?»

የማን ልጅ ነህ የሚለውን ጥያቄ እኔም መስኮት በሌለው ክፍል ደጋግሜ ተጠይቄዋለሁ።

«ቀበሌ ይወሰድ» አለች ዘነዘና የያዘችው።

ቀበሌ ከተወሰድሁ ከየት እንደተፈታሁ ይታወቃል፤ ወደማን ቤት እንደመጣሁም ይጻፋል። ስለዚህ የእህቴን ስም አልጠራሁም።

አየለች በሩን ከፈተች። ፀጉሯ ሸብቷል። እኔን አየች፤ ሰዎቹንም አየች። እንዳታውቀኝ ለመንሁ፤ እንድታውቀኝም ለመንሁ።

«አቶ ቱፋ፣ ዱላውን ያስቀምጡት» አለች። «ወንድሜ ነው።»

«ወንድም አለኝ ብለውን አያውቁም፣ ወይዘሮ አየለች።»

«አልጠየቃችሁኝማ።»

ለምን እንዳልነገረቻቸው ለሁሉም ገባቸው። አቶ ቱፋ ዱላውን አጥሩ ላይ አስደገፈ። ከዚያ ወዲያ የጠየቀ የለም።

ማግስት ጠዋት

ልጅቱ የአየለች የልጅ ልጅ ገነት ናት፤ አያቷን እማማ ነው የምትላት። ስንዴ ውስጥ የተኛችውም እሷው ነበረች። ቁርስ ላይ እህቴን ቀስ ብዬ ሞከርኋት።

«ልጅቱ እኮ እንቅልፍ ነው የወሰዳት።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ቃጭሉ ለምን?»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንተ ስትወሰድ ምንም ድምፅ አልነበረማ። አንድ ጎረቤት አልወጣም።»

እንጀራውን ቆርሼ አጎረስኋት።

ስሄድ ገነት እስከ አጥሩ ጥግ ሸኘችኝ። ከዚያ ማለፍ አልተፈቀደላትም። ቃጭሉን በመዳፏ አፈነችና ቀና ብላ አየችኝ።

«እርስዎስ የማን ልጅ ነዎት?»

በየበሩ ጆሮ ሲቀሰር ታየኝ። «ልቀቂው» አልኋት።

«መጀመሪያ ይንገሩኝ።»

«የተሰማ ልጅ ነኝ» አልሁ፣ መንገደኛ በሚሰማው ድምፅ።

«የእማማ አባትም ተሰማ ነው።»

«አዎ።»

«እንግዲያ የኛ ነዎታ» አለችና ለቀቀችው።

ቁልቁለቱን ስወርድ ቃጭሉ ከኋላዬ ይንቃጨል ነበር። አንድ ጊዜ ዝም አለ። እኔም ባለሁበት ቀጥ ብዬ ቆምሁ። እንደገና እስኪሰማኝ ድረስ እግሬን አላነሳሁም።