ጋጋሪው ወታደር፣ ጠጋኙ ምርኮኛ

አጎቴ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ሆዱ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል እያልን ስንስቅበት፣ "የጋጋሪ ሆድ ማስታወቂያ ነው፤ ብከሳ ማን ዳቦዬን ያምነዋል?" ይለናል። ጨዋታ አያልቅበትም። የእርስ በርሱ ጦርነት ሊያበቃ ሲል ወንዝ ዳር ተማርኮ፣ የፊጥኝ ታስሮ አራት ቀን በእግሩ መነዳቱን ግን ለአክስቴ እንኳ በቅጡ አላወራትም።

ከዓመታት በኋላ አንዲት ሠዓሊ ሰፈራችን መጣች። የጦርነቱን የመጨረሻ ቀን፣ ወታደሮቹንና ምርኮኞቹን፣ በትልቅ ሸራ ልትስል ነበር። ፊቷ ቆመው የሚሳሉላት ሰዎች ስትፈልግ አጎቴን ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ "ጋሼ፣ እርስዎ አሸናፊውን ወታደር ይሆኑልኛል" አለችው። ለምርኮኛው የመረጠችው ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ብስክሌት የሚጠግነውን ከሲታ ሰውዬ ነው። ማን የትኛው ወገን እንደነበረ አልጠየቀችም፤ እነሱም ትንፍሽ አላሉም።

ጠመንጃው የእንጨት፣ ገመዱ ግን የምር ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠጋኙን እንደታሰረ ላብ አጠመቀው። አጎቴ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ገመዱን ይፈታ ጀመር።

"ጋሼ፣ ገና እኮ አልጨረስኩም!"

"ልጄ፣ ትከሻ ከዚህ በላይ አይችልም። አውቀዋለሁ።"

ጠጋኙ ቀና አለ። "ከየት ነው የምታውቀው?"

"ከወንዙ እስከ ከተማው፣ አራት ቀን።"

ሰውዬው፣ "ከሚነዷችሁ አንዱ እኔ ነበርኩ" አለ።

አጎቴ ገመዱን እንደያዘ ደርቆ ቀርቶ እንደነበር ሠዓሊዋ በኋላ ነግራናለች። ቆይቶ ጎንበስ አለና የቀረውን ቋጠሮ ፈታ፤ ሊጥ በለመደ መዳፉም የሰውዬውን ትከሻ ያሽለት ጀመር።

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው? አሸንፋችሁ አልነበር እንዴ?"

ጠጋኙን ሳቁ አመለጠው። መሃል ላይ ግን ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረበት።

ሠዓሊዋ ነገሩን ስትሰማ ደንግጣ ቦታቸውን ላቀያይር ብትል ሁለቱም "እንዲሁ ይሁን" አሏት።

ከዚያ ወዲህ የማይነጣጠሉ ሆኑ። አጎቴ ወገቡን ታሞ በተኛ ጊዜ ዳቦ ቤቱን ሁለት ወር እየጋገረ ያቆየው ጠጋኙ ነው፤ ያሳረረውን ዳቦ አክስቴ ዛሬም ታነሳበታለች።

ሥዕሉ ለሕዝብ በተከፈተ ዕለት አብረን ሄድን። አስጎብኚው፣ "የሽንፈቱ ሥቃይ በምርኮኛው ፊት ላይ ይነበባል" እያለ ሲያስረዳ፣ ጠጋኙ ወደ አክስቴ ጠጋ ብሎ፣ "ኧረ እትዬ፣ የትከሻ ሕመም ነው" አላት። አጎቴ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። አስጎብኚው ሲገላምጣቸው ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወጡ።