ጥሎሽ የገባችው ቦርሳ

ሸዋ ሮቢት ላይ ሆኜ ያገለገለ ቦርሳ በኢንተርኔት መሸጥ የጀመርኩት ግድቡ ተጀምሮ ሁሉም ሰው ቦንድ ግዛ፣ ቦንድ ግዛ በሚባልበት ዘመን ነው። ከቤይሩት ከተመለስኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ቀበሌ ሄጄ በጥቃቅንና አነስተኛ ልደራጅ ስል ከብት ማደለብ ወይ ኮብልስቶን ምረጪ አሉኝ። የውጭ ቦርሳ ነው የምሸጠው፣ እሱንም በስልክ ነው ብል ጸሐፊው ወረቀቱን ገልብጦ አየና እንዲህ ያለ ዘርፍ የለም አለኝ። የለም ከተባለ የለም። ቤቴ ገብቼ ገጽ ከፈትኩና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ዕቃውን የሚልኩልኝ እዚያ እንደኔ በቤት ሠራተኝነት የነበሩ ልጆች ናቸው። ማዳሞቻቸው የሰለቻቸውን ቦርሳና ጫማ ይሰጧቸዋል፤ እነሱም አገር የሚገባ ሰው ሲያገኙ ሻንጣው ውስጥ ይወትፉልኛል። እኔ ወልውዬ፣ ግቢያችን ካለችው ፓፓያ ሥር አስቀምጬ፣ ፎቶ አንስቼ እለጥፋለሁ። አንድ ሰው፣ የጣልያን ቦርሳ ፓፓያ ሥር ምን ይሠራል ብሎ ኮሜንት ጻፈ። ሮቢት ላይ ጥላ ያገኘ ሁሉ እዚያው ነው የሚቀመጠው፣ አንተ ፀሐይ ላይ ተሰጥተህ ነው የምትውለው ብዬ መለስኩለት። እንዲህ ነኝ እንግዲህ፤ ትንሽ ነገር ታነደኛለች። ለነጋዴ ጥሩ ጠባይ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሙቀቱም አለ።

የዚህ ንግድ ትልቁ ጣጣ ክርክሩ ነው። ፎቶው ገና ሳይደርቅ «ፎርጅድ ነው» የሚል ይመጣል። ቦርሳ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ስለ ክሩ ያስተምረኛል። አንዷ ከአዲስ አበባ፣ አሽትቺውና ድምፅ ቀድተሽ ላኪልኝ አለችኝ። አሸተትኩ። ቆዳ ቆዳ ይላል፣ ትንሽ ደግሞ የማዳም ሽቶ አለበት ብዬ ላክሁላት፤ ገዛችው። ሌላው ከደሴ፣ ክብሪት ለኩሺበትና ቪዲዮ ቅረጺ፣ ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጣል አለኝ። አንተ ሚስትህን ስታገባ ለኩሰህ ነው ያየሃት አልኩት። ሚስት የለኝም አለ። ምክንያቱ ገባኝ ብዬ ዘጋሁት።

እየቆየሁ ግን ሥርዓት አበጀሁ። ስፌቱን፣ ዚፑን፣ ገበሩን፣ ውስጥ ያለችውን ምልክት ለየብቻ አነሳለሁ። ያልገባኝን ዕቃ «እውነተኛ ይሁን አይሁን አላውቅም» ብዬ እጽፋለሁ። ያልወደደ ይመልሳል። «ኦርጅናል» የምትለዋን ቃል የምጽፈው በገዛ እጄ ለማውቀው ዕቃ ብቻ ነበር፤ በዚህ ደግሞ ማንም እንዲጠረጥረኝ አልፈልግም።

ከሁሉም አብልጬ የማውቃት አንዲት ቡናማ ቦርሳ ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬም አጠራሩን አልቻልኩበትም። የማዳሜ ቦርሳ ነበረች። አምስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ በነጭ ጨርቅ ወልውያታለሁ፤ ስትቀመጥ እንዳትጎብጥ ሆዷ ውስጥ ወረቀት ጠቅጥቄያለሁ። አንድ ጊዜ ጥፍሬ ነክቷት ጭረት አወጣች። ጭረት እንኳ አትመስልም፤ ፀጉር ታህላለች። ማዳሜ አየቻትና ቤቱን በጩኸት አናጋችው። በጋውን ሁሉ የእሁድ ዕረፍቴን ከለከለችኝ። የዚያን ዓመት በጋ ከጓደኞቼ ጋር ቤተ ክርስቲያን መሳሜ ቀርቶ፣ በረንዳ ላይ ቆሜ ሲያልፉ እያየሁ ነው ያለፈው። ወደ አገሬ ስመለስ ግን ራሷ ማዳሜ፣ አንቺ ነሽ ያቆየሻት፣ ውሰጃት ብላ በእጄ አስያዘችኝ። አለቀስኩ። እኔና ቦርሳዋ ስንት ነገር አይተናላ።

ሮቢት ላይ እሷን አንጠልጥዬ የት እሄዳለሁ? ሸጥኳት። የገዛት የአጣዬ ልጅ ነው፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። እንደ ሌላው አልተከራከረኝም፤ በትሕትና እውነተኛ ናት ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም በቦርሳ የሚማል ከሆነ እምልልሃለሁ አልኩት። ለእጮኛው ጥሎሽ ናት። ሙሽራዋ የኛው ከተማ ልጅ፣ ከወንዙ ማዶ ያለ ሰፈር እንደሆነች ሲነግረኝ ደግሞ ደስ አለኝ። ለሚኒባስ ሹፌር ሰጥቼ ላክሁለት።

ጥር ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደወለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ጥሎሹን ይዘው ሙሽራዋ ቤት ገብተዋል፤ ሻንጣው ተከፍቶ ዕቃው አንድ በአንድ እየተነሣ ሲታይ ቦርሳዋ ላይ ሲደርሱ የሙሽራዋ አክስት ተቀብላ አገላብጣ፣ ይቺ ፎርጅድ ናት ብላለች። የሙሽራዋ አባት ሻንጣህን ዘግተህ ውጣ ብለውታል። ሠርጉ ነገ ነው። «እባክሽ ነይልኝ» አለኝ።

ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ደሜ እየፈላ ነበር። ባጃጁ ራሱ ቀስ ብሎ የሚሄድ መሰለኝና ነጂውን ስነዘንዘው ደረስን። ዳሱ ውስጥ ሰው ጢም ብሏል። ሻንጣው እንደተከፈተ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፤ ቀሚሱ፣ ጫማው፣ ሽቶው አለ፤ የኔ ቦርሳ ከሁሉ በላይ ጉብ ብላለች። ሙሽራው አጠገቧ ቆሟል፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል። ሚዜዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ለጥሎሽ የሚገባው ዘፈን ተቋርጦ ከበሮው ብቻውን ጥግ ላይ ተቀምጧል።

የአባትየው ቁጣ ያለ ምክንያት አልነበረም። ትልቋን ልጃቸውን የዳሩለት ሰው ናዝሬት ቤት አለኝ ብሎ አግብቶ፣ ቤቱ የሰው ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ የሚያብለጨልጭ ነገር ባዩ ቁጥር ይጠረጥራሉ። በቦርሳ የጀመረ በሌላ ይቀጥላል፣ ለቀጣፊ ልጄን አልሰጥም ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ሙሽራዋ ጓዳ ውስጥ ታለቅሳለች፤ ድምፁ እስከ ዳሱ ይሰማል። የሙሽራዋ አጎት ደግሞ ላይተሩን አውጥቶ፣ እኔ አሁኑኑ እለየዋለሁ፣ ጫፏን ብቻ ላቃጥላት ይላል። ከደሴው ሰውዬ ጋር ዘመድ ሳይሆን አይቀርም።

አጎትየውን ገፍቼ ቦርሳዋን አነሣሁና፣ የሸጥኩት እኔ ነኝ፣ ፎርጅድ ያለው ማን ነው አልኩ። አክስትየዋ ብድግ አለች። ዘንካታ፣ የክት ቀሚስ የለበሰች ሴት ናት። እሷም የቤይሩት ሰው ናት ለካ፤ አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች፤ የኔን አምስት ዓመት ስትሰማ ከንፈሯን ጣል አደረገች። ጀመርን። እሷ ስለ ስፌቱ ስትል እኔ ስለ ዚፑ፣ እሷ ስለ ገበሩ ስትል እኔ ስለ ጠረኑ። የሷ ማዳም እንዲህ ያለ ስድስት ነበራት፤ የኔ ማዳም አንድ ነበራት፣ ግን አንዷን በወጉ ይዛለች። የሁለታችንም ዕውቀት የሰው ቁም ሣጥን ስንወለውል ያገኘነው ነው፤ አፋችን ግን የሁለት ፋብሪካ ባለቤቶች አፍ ሆኗል። ዳሱ ሙሉ ሰው አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያየ አንገቱ ደከመው።

በመጨረሻ ዳሱ ራስጌ የተቀመጡት ሦስት ሽማግሌዎች ሰለቻቸው። ከሦስቱ ትልቁ በከዘራቸው መሬቱን መታ አደረጉና ስፌቱን ተዉት አሉን። ልጅ ሲዳር ዘር ይቆጠራል፤ ይቺም ጥሎሽ ከገባች ዘሯ ይቆጠር። የማን ነበረች? ከማን እጅ ወደ ማን እጅ መጣች? እኔ የማዳሜ ነበረች፣ ከሷ እጅ ወደ እጄ መጣች አልኩ። ማዳምሽ በሕይወት አሉ ወይ ተባልኩ። አሉ። እንግዲያው ደውዪላቸውና ይመስክሩ አሉ። አክስትየዋም፣ አዎ ትደውል፣ እኔም አረብኛውን እሰማለሁ ብላ ክንዷን አጣጠፈች።

ዳሱ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ኔትወርክ የሚይዘው ከግቢው ጫፍ ኒሙ ዛፍ ሥር ነው ተባለና ሽማግሌዎቹ ወንበራቸውን አስይዘው ተነሡ፤ ሰውም ተከተለ። በቪዲዮ ደወልኩ፤ ማዳሜ ስልኩን ስታነሣ ፀጉሯን ጠቅልላ ቡና እየጠጣች ነበር። ከኋላዬ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ፣ ከዘራ፣ ሚዜ፣ የጎረቤት ልጅ ሁሉ ተደርድሮ ስታይ ደነገጠችና ማን ሞተ አለችኝ። ማንም አልሞተም፣ ሠርግ ነው፣ ቦርሳዋን ታስታውሻታለሽ ብዬ ከፍ አድርጌ አሳየኋት። እውነተኛ መሆኗን ንገሪልኝ አልኳት።

ሳቀች። እስከምትንፈቀፈቅ ሳቀች። ያቺማ አስመሳይ ናት፣ ከመንገድ ዳር ነው የገዛኋት፣ እውነተኛዋን ማን ገዝቶልኝ አለችኝ። ስድስት ዓመት ስይዛት አንድ ሰው አልነቃብኝም፣ ጎበዝ አልነበርኩም ወይ አለች።

ከሁሉ በፊት ትዝ ያለኝ ሙሽራው አልነበረም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በረንዳው ነው። ታዲያ ያን በጋ ሁሉ እሁዴን የከለከልሽኝ ለምንድን ነው አልኳት፣ በዚያው በአረብኛ።

«ባልቆጣማ እውነተኛ እንዳልሆነች ታውቂብኝ ነበር» አለችኝ። በቅን ነው የመለሰችልኝ፤ ክፉ ነገር የተናገረችም አልመሰላትም። ለሙሽራዋ ማብሩክ በይልኝ ብላ ስልኩን ዘጋችው።

አንጀቴ ነው የተቃጠለው፤ ስለ ገጼም አልነበረም፣ ስለ ንግዱም አልነበረም። ለውሸት ዕቃ የእውነት ቅጣት ተቀጥቻለሁ። ያን ነጭ ጨርቅ ሳስበው ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ሰዉ ምን አለች፣ ምን አለች ይላል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኪታብ የተማሩ፣ አረብኛ የሚያነቡ ሸህ ናቸው፤ ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁና የሴትዮዋ አረብኛ የተንሻፈፈ ነው፣ እኔ የሰማሁት ወላሂና ማብሩክ ብቻ ነው አሉ። ይቺ ደግሞ ባለጉዳይ ናት፣ ለራሷ አትመሰክርም፤ አክስትየዋ ትናገር ተባለ።

አክስትየዋ አጠገቤ ነበረች፤ አንዲት ቃል አላመለጠቻትም። ሙሽራው እጁን አጣምሮ አንዴ አባትየውን አንዴ እሷን ያያል። እሷ ግን እሱን አይደለም የምታየው፤ የምታየው እኔን ነው። አለቀልን አልኩ በሆዴ።

«ይቺን ቦርሳ ስድስት ዓመት የያዝኳት እኔ ነኝ አለች» አለች አክስትየዋ፣ ጮክ ብላ። «አልተሰረቀችም። ይቺ ልጅም አላታለለችም። ለሙሽራዋም እንኳን ደስ ያለሽ ብላለች።»

አንዱም ውሸት የለበትም። ሽማግሌው እንግዲያው ልጁ ምን ዋሸ ብለው አባትየውን ጠየቁ። አባትየው ፊታቸውን ወደ ሙሽራው መለሱና ምንም አልዋሸም አሉ። ተመልሰን ዳስ ገባን፤ የጀመረችው ትጨርሰው ተብሎ አክስትየዋ በገዛ እጇ ቦርሳዋን አነሣች። አላየንም፣ ከፍ ይበል ተባለ፤ ከፍ አደረገችው፤ እልልታው ቀለጠ። ሙሽራው ሻንጣው አጠገብ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ሚዜዎቹ እየሳቁ ጎተቱት።

እሱን ከሠርጉ በኋላ ደውዬ እውነቱን ነገርኩት። ልመልስልህ አልኩት። ሚስቴ አንዴ ለምዳታለች፣ አጣዬ ገበያ ቲማቲም ትይዝባታለች፣ ተያት አለኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ ገጼ ላይ ኦርጅናል ብዬ ጽፌ አላውቅም፤ የማን እንደነበረችና እንዴት እንደመጣች ነው የምጽፈው። ገበያው አልቀነሰም፤ ክርክሩም እንዲሁ።

ያን ዕለት ግን ጭፈራው ሲሞቅ አክስትየዋን ከቤቱ ጀርባ፣ በርሜሉ ጋ እጇን ስትታጠብ አገኘኋት። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። «እትዬ፣ ሰምተው የለም? ለምን አልነገሯቸውም?» አልኳት። እውነቱ እርስዎ እንዳሉት ነበር፣ አሸንፈውኝ ነበር አልኳት።

እጇን በቀሚሷ አደረቀች። የጠየቁኝ የማን ነበረች ብለው ነው፣ እሱን መለስኩ አለች። ልትሄድ ብላ ቆም አለች። ስለ እሁዱ ስትጠይቂያት ሰማሁሽ አለችኝ። እሷም አሥራ አንዱን ዓመት ከአንድ ቤት አልወጣችም፤ ሦስት ልጆች በጀርባዋ አሳድጋለች፤ የመጨረሻው አፉን የፈታው በአማርኛ ነው። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ዳሱን እንጂ እኔን አታይም ነበር።

«ማዳሜ፣ አንቺ እንደ ልጄ ነሽ ትለኝ ነበር» አለችኝ። «ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ፤ ቁጥሯ አለኝ። እንዳንቺዋ ብትስቅብኝስ ብዬ አንድ ቀን ደውዬላት አላውቅም።»