ሁለቱን ወገን ያስነሣ ፊሽካ

«ነገ ፀሐይ እስክትጠልቅ ኮረብታውን እንዳትለቁ» አሉን ፊታውራሪ። ትእዛዙ ይኸው ነበር። ከኋላችን ገደል አለ፤ ከገደሉ ሥር ወንዝ ይወርዳል። ቁስለኞቻችንና ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሴቶችና ሕፃናት ወንዙን ተሻግረው ማዶ ካለው ጫካ እስኪገቡ አንድ ሙሉ ቀን ያስፈልጋቸዋል። እኛ ኮረብታውን ከለቀቅን ጣሊያን መትረየስ ይጠምድበትና መሻገሪያው ላይ ያለው ሁሉ ያልቃል። ይህን ማንም ለማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። የጓደኛዬ የደምሴ እናት ከተሻጋሪዎቹ አንዷ ነበሩ።

ይህን ነገር መጀመሪያ ያወራሁት ሲያትል ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ዓመታት ልጄ ትርሲት አስመጥታኝ እሷ ዘንድ እኖር ነበር። ሴንትራል ዲስትሪክት፣ ከቼሪ ጎዳና ገባ ብሎ ካለ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ስብሰባ ተጠራ። ጉዳዩ የልጆቻችን የበጋ የኳስ ውድድር ነው፤ እኔ የተጠራሁት እንደ ሽማግሌ መርቄ እንድከፍት ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ዳንኤል ይባላል። ቀን ፓርኪንግ ይሠራል፣ ማታ ይማራል፣ በዚያ ላይ ከማውንትሌክ ቴራስ ድረስ በዝናብ እየነዳ መጥቶ ልጆቹን ያሠለጥናል። ክፋት የማያውቅ ሰው ነው። ተነሥቶ እቅዱን ነገረን፤ ልጆቹ በአራት ቡድን ይከፈላሉ፣ የሚከፈሉትም በወላጆቻቸው ክፍለ ሀገር ነው።

«ሰው የአገሩን ልጅ ቺር ለማድረግ ይመጣል አባባ» አለኝ። «ሶ፣ ሜዳው ይሞላል።»

ቤቱ ሁሉ ወደደለት። ወዲያው ግን አባቱ ከአንዱ፣ እናቱ ከሌላው ክፍለ ሀገር የሆነ አንድ ልጅ የማን ቡድን ይሁን በሚል ሁለት ሰዎች ተያያዙ። የልጁ እናት መሬት መሬት ታያለች። አንደኛው «እናንተማ ድሮም...» ብሎ ጀመረና ዋጠው። በዚያ ዓመት የአገር ቤቱ ጦርነት ያልነካው ቤት አልነበረምና የዋጠውን ቃል ሁላችንም ሰማነው። እንድመርቅ ሲጠቁሙኝ ምርቃቱ ከአፌ አልወጣ አለ። መጀመሪያ አንድ ነገር ስሙኝ አልኳቸው። ከዚህ በታች ያለው ያን ዕለት የነገርኳቸው ነው። እናንተ ኋላ የተወለዳችሁት እንድታውቁት ደግሞ ጻፍኩት።

ጣሊያን ከተማችንን በያዘ በዓመቱ ለእኛ ለልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። አስተማሪው የጦር መኮንን ነበር፤ ማኤስትሮ እንለዋለን። መዋሸት አልፈልግም፣ እንወደው ነበር። ሳቂታ ነው፣ አይሳደብም፣ ከቆዳ የተሠራ ኳስ መጀመሪያ ያየሁት በእሱ እጅ ነው። ትእዛዝ ለማንበብ የሚበቃ ንባብ አስተማረን። የጥይት ሣጥን ለመቁጠር የሚበቃ ሒሳብ አስተማረን። ሮም ያለውን አለቃቸውን የሚያሞግስ መዝሙርም አስጠናን። ትምህርቱ ሦስተኛ ክፍል ላይ ያልቃል። ደምሴ አንድ ቀን ከሦስተኛ በኋላ ምን እንማራለን ብሎ ቢጠይቀው ሳቀና በመስኮቱ ሜዳውን አሳየው። እኛም ኳስ ሊያጫውተን ነው ብለን ተደሰትን።

ሜዳው ላይ ንግግር የለም፣ ፊሽካ ነው። አጭር ሲነፋ በደረታችን እንወድቃለን። ረጅም ሲነፋ ብድግ ብለን እንሮጣለን። ሦስት ጊዜ ሲነፋ የያዝነውን ሁሉ ጥለን ፊቱ እንሰለፋለን፤ ቀጥ ብለን ቆመን ቀኝ እጃችንን ወደ ላይ እንዘረጋለን። የዘገየ ዳቦ አያገኝም። ስንበላ ይነፋል፣ ስንጣላ ይነፋል፣ ሽንት ቤት ሆነን ይነፋል። በሁለተኛው ዓመት ጆሯችን ሳይሰማ እግራችን መስማት ጀመረ።

ቡድን የከፈለንም እሱ ነው። የያንዳንዳችንን አባት የትውልድ ቦታ ጠየቀና «ደጋ» እና «ቆላ» ብሎ ለሁለት ለየን። እስከዚያ ድረስ ሁላችንም የአንድ ከተማ ልጆች ነበርን። እኔ ደጋ መሆኔን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። በአንድ አግዳሚ ወንበር አብሮኝ የሚቀመጠው ባዩ ደግሞ ቆላ ሆነና አምበላቸው ተደረገ። ማኤስትሮ ለእነሱ ደጋዎቹ ይንቋችኋል ይላቸዋል። ለእኛ ቆላዎቹ ሌቦች ናቸው ይለናል። ያሸነፈ ጫማ ይለብሳል፣ የተሸነፈ ያወልቃል። በበዓል ቀን መኮንኖቹ ወንበር አስወጥተው ይቀመጡና ተደባድበን ስንወድቅ እየሳቁ ፎቶግራፍ ያነሱናል። ዓመት ሳይሞላ ከባዩ ጋር ወደ ቤት የምንሄድበትን መንገድ ለየን።

ከዚያ የቆላ ቡድን እንዳለ ለባንዳ ተመለመለ። ጫማ እንደለበሱ ጠመንጃ ተሰጣቸው። ሳምንት ሳይቆይ የደጋዎች ቤት ተፈተሸ፣ የደምሴ አባት መሣሪያ ደብቀዋል ተብለው ተሰቀሉ። ማን እንደጠቆመ ያወቀ የለም። እኛ ግን ቆላዎቹ ናቸው አልን። ደምሴን ጨምሮ አምስት ሆነን ጫካ ገባን፣ ፊታውራሪም ተቀበሉን።

አሁን ወደ ኮረብታው ልመለስ። ጎህ ሲቀድ ጉም ወርዶ ነበር። ሃያ ያህል ነን። ጥይታችን ጥቂት ነው። ቃፊሮቻችን እየሮጡ ገቡ፤ ባንዳ እየመጣ ነው፣ አንድ ነጭ መኮንን ይመራዋል አሉ። ወዲያው ከጉሙ ውስጥ ፊሽካ ተሰማ። አጭር።

ደምሴ ከጎኔ ነበር። «ማኤስትሮ ነው» አለ።

በሆዴ እየተሳብኩ ፊታውራሪ ዘንድ ሄድኩ። አጭር ሲነፋ እንደሚተኙ፣ ረጅም ሲነፋ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተነሥተው እንደሚሮጡ ነገርኳቸው።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሁለት ዓመት የተነፋብኝ ነው ጌታዬ።»

ረጅሙ እስኪነፋ ማንም እንዳይተኩስ አዘዙ። ጠበቅን። ጉሙ ተገፈፈ። ቁልቁለቱ ባዶ ይመስላል፤ ሣሩ ግን ይንቀሳቀሳል። አጭር ተነፋ፣ ሣሩ ጸጥ አለ። ረጅሙ ተነፋ። ብድግ አሉ። ተኮስን።

መልክ በማይለይበት ርቀት ሩጫ ይለያል። ከፊት ግራ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ የሚሮጠው ባዩ ነበር፤ በክንፍ በኩል ኳስ ይዞ ሲመጣም እንዲሁ ነበር የሚሮጠው። ጭኑን ተመትቶ ወደቀ። የማን ጥይት እንደሆነ አላውቅም። ከእነሱ ወገን የተተኮሰ አንድ ጥይት የእኔን ባት በስቶ ወጣ። ሁለተኛ ሞከሩ። በረጅሙ ፊሽካ ጠበቅናቸው። ሦስተኛ ሞከሩ። ያው ሆነ። ከዚያ ፊሽካው ዝም አለ።

እኩለ ቀን ሆነ። ዝንቡ ቁስሌ ላይ አልጠፋ አለ። ከገደሉ ሥር የሕፃን ልቅሶ ይሰማናል፤ ገና ግማሹ ሰው አልተሻገረም። ከቁልቁለቱ ደግሞ ባዩ ይጣራል። ውኃ ይላል። ደምሴን በስሙ ነው የሚጠራው፤ ከላይ መሆናችንን አውቋል። ደምሴ ልውረድ ብሎ ጠየቀ፣ ፊታውራሪ ከለከሉት። ከጓዶቻችን አንዱ ጠላትህ መሆኑን ረሳኸው እንዴ አለው።

«አባቴን ያስሰቀሉት እነሱ ናቸው፣ አልረሳሁም» አለ ደምሴ። «ግን ውኃ እኮ ነው የጠየቀው።»

ማኤስትሮ ሞኝ አልነበረም። ሦስት ጊዜ በረጅሙ ፊሽካ ላይ ሲመታ፣ ኮረብታው ላይ የእሱ ተማሪዎች እንዳሉ ገባው። ከዛፍ ሥር ሆኖ ምን እንዳሰበ ማን ያውቃል። እኔ ብቻ የሰማሁትን እነግራችኋለሁ። ቀኑ ዘንበል ሲል ፊሽካው ሦስት ጊዜ ተነፋ።

ደምሴ ተነሣ። ጠመንጃውን መሬት ጣለና ቀጥ ብሎ ቆመ። ሦስቱ የትምህርት ቤት ልጆችም ከየምሽጋቸው ተነሥተው ቆሙ። እኔም ተነሥቻለሁ፤ የተመታው እግሬ ስላልቻለኝ ወደቅኩ። የዚያን ቀን ከቀትር በኋላ ከመጣው ጥይት ያዳነኝ የጠዋቱ ጥይት ነው። ወድቄ ሳለሁ በድንጋዮቹ መካከል ቁልቁለቱ ታየኝ። ከማኤስትሮ ጋር ያሉት አልተነሡም፣ አስቀድሞ ነግሯቸው ይሆናል፤ ለብቻው ወድቆ የቀረው ባዩ ግን ተነሥቷል። በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል። እሱና ደምሴ ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር። ከታች ተተኮሰ። ከላይም ተተኮሰ።

«ምን ሆናችሁ?» እያሉ ፊታውራሪ ጮኹ። ጦር ሜዳ የኖሩ ሰው ናቸው፣ እንዲህ ያለ ነገር ግን አይተው አያውቁም። ሦስቱ ፊሽካ ምን እንደሆነ ስነግራቸው የነጠላቸውን ጫፍ ቀደዱና በምራቃቸው አርሰው ሁለቱንም ጆሮዬን ጠቀጠቁት። ከዚያ እስከ ጀምበር መጥለቂያ የተዋጋሁት ሳልሰማ ነው። ሰው ሲተኩስ እያየሁ ተኮስኩ፣ ሰው ሲጎነበስ እያየሁ ተጎነበስኩ። ማኤስትሮ ደጋግሞ ነፍቶ እንደነበር ነግረውኛል። ኮረብታውን አልለቀቅንም። ፀሐይ ስትጠልቅ ከማዶ የጭስ ምልክት ታየ፤ ሰዉ ሁሉ ተሻግሯል። የደምሴ እናት ልጃቸውን ጫካው ጫፍ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። መርዶውን የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ጣሊያን አካባቢውን ለቅቆ ሲሄድ ሬሳ ልንቀብር ተመለስን። ሙታኑ ላይ አንድም ጫማ አልቀረም፤ ማን እንደገፈፈ እንጃ። ባዶ እግራቸውን ሲሆኑ ደጋና ቆላው አይለይም። እኔ ስለማውቃቸው የትምህርት ቤቱን ልጆች በየስማቸው ጠራሁ፣ የአገሩ ቄስ ፈቱላቸው፣ በአንድ ረድፍ ቀበርናቸው። ከነጻነት በኋላ የባዩን እናት አገኘኋቸው። ልጄን ማን ገደለው ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው፤ እውነቴን ነው። ሁለቱም ወገን ተኩሷል።

ምድር ቤት ውስጥ ወሬዬን ስጨርስ የዚያ የሁለት ክፍለ ሀገር ልጅ እናት ቀና ብላ ታየኝ ነበር። ኳስ ጠልቼ እንዳይመስላችሁ አልኳቸው፤ ዛሬም እግሬ ቢፈቅድ እጫወታለሁ። ከማኤስትሮ የተማርኩት ንባብም እስከ ዛሬ ጠቅሞኛል። የሰጠንን ሁሉ የሰጠን ግን እንድንለያይና እንድንታዘዝ ነበር። እናንተን ማንም ሳያዝዛችሁ ለምን ትለያያላችሁ?

ዳንኤል ጠየቀኝ።

«አባባ፣ ከተማሪዎቹ የእናንተ ስንት ሞቱ?»

«ዘጠኝ።»

ያልተረዳሁት መስሎት ቀስ ብሎ ደገመልኝ። «አምስት ሆነን ጫካ ገባን ብለውን ነበር። የእናንተን ወገን ብቻ ማለቴ ነው።»

«ገብቶኛል ልጄ። አራቱ ከላይ፣ አምስቱ ከታች ወደቁ። የእኛ ዘጠኝ ናቸው።»

ቡድኖቹ የተጻፉበትን ወረቀት አጠፈው። «ኦኬ» አለ፣ «በዕጣ እናድርገው»፤ ማንም አልተቃወመውም። ከዚያ በኋላ መረቅኳቸው።