በሽቦ የታጠረው ኩሬ

ከጎንደር በማለዳ የተነሣሁት አንድ አሮጌ ፋይል ይዤ ነው። የዞኑ ውኃ ቢሮ ሰው በሚሰምጥባቸው ኩሬዎች ሁሉ የድንጋይ ደረጃ፣ መያዣ ገመድና ያለ ቁልፍ የሚከፈት በር እያሠራ ነው። ከደባርቅ በታች ያለው ኩሬ ሰነዱ ስለ ጠፋ፣ ያሠራሁትን እኔን ጠሩኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለሥራ ስፈለግ የመጀመሪያዬ ነበር። ኮቴን ራሴ ተኮስሁ፤ ባለቤቴ ካረፈች ጀምሮ ለምጄዋለሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ፋይሉን ጭኔ ላይ አቅፌ ተቀመጥሁ። ረዳቱ አየኝና፣ "አባባ፣ እሱስ ይከፍላል ወይስ ታቅፎ ነው የሚሄደው?" አለ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም ፈገግ አልሁ። ከአምባ ጊዮርጊስ በኋላ ብርዱ በመስኮቱ ክፍተት ይገባል። ዳባት ላይ ለቁርስ ወረድን። ሽሮ ሳዝዝ አስተናጋጇ፣ "የሚጠብቁት ሰው አለ?" አለችኝ። የለም አልኋት።

ደባርቅ፣ ከቀትር በኋላ

በቢሮው የተቀበለችኝ ሰላም የምትባል ወጣት ባለሙያ ናት። ገጾቹን በስልኳ እያነሣች፣ "ጋሼ፣ ችግሩ ዲዛይኑ አይደለም" አለችኝ። "የደረጃው ድንጋይ የሚያልፈው በአቶ ዘለቀ ማሳ ነው። አላሳልፍም ብለዋል። ባለቤታቸው የሞቱት እዚያ ኩሬ ውስጥ ነው። ሰዉም ኩሬውን ትቶ ወንዝ ይወርዳል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ወንዙ ሰው ይወስዳል።"

"ሴትዮዋ እንዴት ሞቱ?"

"በሩ ተቆልፎባቸው።"

ወደ ተከራየሁት አልጋ ገብቼ ከፋይሉ ውስጥ የኩሬውን ደንብ አንቀጽ ሰባት ደጋግሜ አነበብሁ። "አንድ ቀጂ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ በሩ ይቆለፋል" ይላል። የውኃ ተራ እንዳይፋለስ የጻፍሁት ነው። ለሌሎች ቀበሌዎችም ተባዝቶ ስለ ነበር ዘመኔን ሙሉ ኮርቼበታለሁ።

በማግስቱ፣ ኩሬው ዘንድ

ከሊማሊሞ ዳገት የወጡ የጭነት መኪናዎች ሲያጓሩ ነቃሁ። ባጃጅ እስከሚገባበት ድረስ ሄደን የቀረውን አንድ ሰዓት በእግር ወረድን። የስሜን ገደል ከበስተጀርባችን ቆሟል። ኩሬው እንደ ተውሁት ነው፤ ጥቁር ላስቲክ የለበሰ ተዳፋት፣ ዙሪያውን እሾሃማ ሽቦ። አቶ ዘለቀ ማሳው ጫፍ ላይ በትሩን ተደግፎ ይጠብቀን ነበር።

"ደግሞ ሽማግሌ ጨመርሽ?" አላት ሰላምን።

"ኩሬውን ያሠሩት እሳቸው ናቸው።"

"ደኅና መጡ። ድንጋዩ ግን አያልፍም።" ከዚያ ወደ ኩሬው ሳያይ ነገረኝ። "ላስቲኩ አዳለጣት። ጩኸቷን ሰምተን ስንደርስ በሩ ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘው ሞላ ለቅሶ ሄዷል። ሽቦውን ይዤ እያየኋት ነው የሰመጠችው። ሞላ አበልጄ ነው፤ ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ። ቆልፎባት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጥሁም።"

ሰላም መሬት መሬቱን አየች። ፋይሉን ሳልከፍት መመለስ እችል ነበር፤ የሚጠይቀኝ አልነበረም።

"አቶ ዘለቀ፣ ሞላ ከራሱ አምጥቶ አልቆለፈም። ቆልፍ ብዬ የጻፍሁለት እኔ ነኝ" አልሁና አንቀጹን እስከ ፊርማዬ ድረስ አነበብሁለት።

"እስቲ ይድገሙት።"

ደገምሁት።

"ደንብ ነው ሲለኝ ሰበብ መስሎኝ ነበር" አለ። ከዚያም፣ "ሰው ይወድቅበታል ብለው አላሰቡም?" አለኝ።

"አላሰብሁም። ያጠርሁት ውኃውን ከሰው ነበር።"

"ወረቀቱን ይስጡኝ።"

በአገልግሎት ዘመኔ ከፋይል ገጽ ነቅዬ አላውቅም። ነቅዬ ሰጠሁት። አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና በገብሱ መካከል ወደ ሞላ ቤት አቀና። ይምጡ አላለኝም፤ ሊለኝም አይገባውም።

ጎንደር

በሬን በቁልፌ ከፍቼ ገባሁ። ቤቱ እንደ ተውሁት ነው። ያን ደንብ ስጽፍ ውኃው ለስንት ቤተሰብ እንደሚበቃ በጥንቃቄ አስልቼ ነበር፤ የወደቀ ሰው በየት በኩል እንደሚወጣ ግን አልጠየቅሁም። ይህን ለማወቅ ጡረታ መውጣትና ወደ ኩሬው መመለስ አስፈለገኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ሰላም ደወለች። "ጋሼ፣ ድንጋይ እየገባ ነው። አቶ ዘለቀና አቶ ሞላ አንድ ቃሬዛ ይዘዋል።"

"ይነጋገራሉ?"

"እስካሁን አልሰማኋቸውም። አቶ ዘለቀ ከፊት፣ አቶ ሞላ ከኋላ ሆነው ይሸከማሉ።"

ፋይሉን መደርደሪያው ላይ መለስሁት። ከገጽ ስድስት ቀጥሎ ገጽ ስምንት ይመጣል።